«ልጁ ለእኛ ትምህርት ቤት አይሆንም» ሲባሉ ምን ያደርጋሉ?

 

የምዝገባ ሰሞን ሲደርስ በውስጥ መስመር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች መልካቸው ይቀየራል። ስለ ጨጓራና ስለ ጉንፋን የሚጠይቀኝ ሰው ይቀንስና ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከባቱ፣ ከሻሸመኔ እንዲህ ያለ መልእክት ይበዛል።

«ዶክተር፣ ልጄ 5 ዓመቱ ነው፣ ገና አፉን አልፈታም። ኬጂ ስወስደው አንቀበልም አሉኝ።»

«ልጄ በቃል ስትጠየቅ ሁሉን ትመልሳለች። 4ኛ ክፍል ደርሳ ግን ማንበብ አልቻለችም።»

«ቲቸሯ በየቀኑ ትጠራኛለች። ልጁ አይቀመጥም፣ ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጉለት ትለኛለች።»

ሁሉም መጨረሻ ላይ የሚጠይቁኝ ግን አንድ ነው፦ «መድኃኒት የለውም ወይ?»

መልሴ ዛሬ ረዘም ስለሚል ዋናውን ላስቀድመው። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ልጆች ከመድኃኒት በፊት የሚያስፈልጋቸው ክፍል ውስጥ መቀመጫ እና ጠባያቸውን የሚያውቅ መምህር ነው። ይህን ለመጠየቅ ደግሞ ከአዲስ አበባ የምርመራ ወረቀት እስኪመጣ መጠበቅ የለባችሁም። ነገ ጠዋት መጀመር ይቻላል። እንዴት እንደሆነ አብረን እንየው።

🔹 ወላጆች ራሳቸው ምን አሉ?

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። «የጎደላችሁ ምንድን ነው?» ሲባሉ 74.5 በመቶ የሚሆኑት የልጃቸውን ትምህርት ጠቀሱ። የጤና ባለሙያ ሕክምና ያሉት 47.1 በመቶ፣ የገንዘብ ድጋፍ ያሉት ደግሞ 30.4 በመቶ ነበሩ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች የተጠየቁት ክሊኒክ ውስጥ ነው። ለሕክምና መጥተው እንኳ ከሁሉ በላይ የቸገራቸው ትምህርት ቤት ነበር።

እዚያው ጥናት ላይ 45.1 በመቶ የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ 26.7 በመቶ ደግሞ ሰው እንዳያውቅባቸው እንደሚጥሩ ተናግረዋል። ወላጅን በዚህ መውቀስ አይገባም፣ ጎረቤት የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን። መዘዙን ግን እንየው። የተደበቀ ልጅ አይመዘገብም። ያልተመዘገበ ልጅ አይቆጠርም። ላልተቆጠረ ልጅ ደግሞ መምህርም በጀትም አይመደብም። ከዚያ ሌላ ወላጅ ሲመጣ «እንዲህ ዓይነት ተማሪ እኛ ዘንድ የለም» ይባላል።

🔹 ኒውሮዳይቨርጀንት ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉን ቲክቶክ ላይ ሳትሰሙት አትቀሩም። የበሽታ ስም አይደለም። አእምሮው ከብዙው ሰው ለየት ባለ መንገድ የሚማር፣ የሚያተኩር፣ ድምፅና ብርሃን የሚሰማው ሰው ማለት ነው። በዚህ ስም ሥር ከሚጠሩት ውስጥ ትምህርት ቤት በር ላይ ብዙ የሚያጋጥሙት ሦስት ናቸው።

👉 ኦቲዝም። ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበት መንገድ ይለያል። ስሙ ሲጠራ ላይዞር ይችላል፣ የፈለገውን በጣቱ ከማሳየት ይልቅ እጃችሁን ይዞ ይጎትታል፣ አንድ ነገር ደጋግሞ መሥራት ይወዳል፣ የለመደው ነገር ሲቀየር ይረበሻል። አንዳንዱ ጭራሽ አይናገርም፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ መጽሐፍ ነው የሚያወራው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ይገምታል።

👉 ኤዲኤችዲ። ትኩረትን ሰብስቦ ማቆየት፣ መቀመጥ፣ ተራ መጠበቅ ከእድሜው በላይ ያስቸግረዋል። ሁሉም አይሮጡም። በተለይ ብዙ ሴት ልጆች ዝም ብለው ተቀምጠው ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነው። ስለማይረብሹ ማንም አያያቸውም።

👉 ዲስሌክሲያ። ልጁ አስተዋይ ነው፣ ያያል፣ ይሰማል፣ ተምሯል። ፊደልን ከድምፅ ጋር ማገናኘት ግን ከሌሎች ልጆች በብዙ እጥፍ ያደክመዋል።

አንድ ልጅ ሁለቱን ወይም ሦስቱንም አንድ ላይ ሊይዝ ይችላል። ብዙ ጥናቶች ከ100 ልጆች 5 ያህሉ ኤዲኤችዲ እንዳላቸው ይገምታሉ። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ይህ ወደ 3 ልጅ ነው። ስለዚህ «እንዲህ ያለ ተማሪ አይተን አናውቅም» የሚል ትምህርት ቤት አይቷል፣ ስሙን ነው ያላወቀው። «ቀበጥ»፣ «ሰነፍ»፣ «ሞልቃቃ» ብሎት አልፏል።

🔹 መጀመሪያ እነዚህን አስመርምሩ

ለሁሉም ነገር ኦቲዝም ነው፣ ኤዲኤችዲ ነው ማለትም ትክክል አይደለም። ሌላ ምክንያት ሊኖር ስለሚችል አቅራቢያችሁ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል እነዚህ ይታዩ።

✅ ጆሮ። አፉን ያልፈታ ልጅ ሁሉ የመስማት ምርመራ ያስፈልገዋል። በተደጋጋሚ ጆሮው መግል የሚያወጣ ልጅ በከፊል ብቻ እየሰማ ሊሆን ይችላል።

✅ ዓይን። ሰሌዳ የማይታየው ልጅ «ሰነፍ» ተብሎ ዓመታት ያልፋሉ።

✅ የሚጥል በሽታ። ሁሉም መሬት ላይ አይጥልም። ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ ብሎ፣ ስትጠሩት ሳይሰማ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚቀጥል ልጅ ካለ ቶሎ አሳዩት። ይህ መድኃኒት አለው።

✅ ደም ማነስ፣ የእንቅርት ሆርሞን ማነስ፣ የእንቅልፍ ችግር። ሦስቱም ትኩረትን ይጎዳሉ።

✅ ቤት ውስጥ ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያስፈራው ነገር። የሚደበደብ ልጅም አያተኩርም።

አዳማ ላይ ከሆናችሁ እንደ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ባለ ትልቅ ሆስፒታል ከሕፃናት ሐኪም መጀመር ትችላላችሁ። ከዚያ አስፈላጊ ከሆነ አዲስ አበባ ወዳሉ የሕፃናት አእምሮ ጤና ክሊኒኮች ሪፈር ይጻፋል። አዳማ ለአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ከሻሸመኔ ግን 250 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ የቀረው ሥራ ሲደመር ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። ለዚህ ነው «ወረቀቱ እስኪመጣ ትምህርቱ ይቁም» መባል የሌለበት።

🔹 ሰፈር ውስጥ የሚባሉ ነገሮች

«ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው አፉን የሚፈታው።» አንዳንዱ ይዘገያል፣ እውነት ነው። ነገር ግን በ12 ወር ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በ18 ወር በጣቱ የማያመለክት፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል የማያገናኝ ልጅ መታየት አለበት። ይናገር የነበረውን ያቆመ ልጅ ደግሞ በየትኛውም እድሜ ቢሆን አንድ ሳምንት አትጠብቁ።

«ሁለት ቋንቋ ግራ አጋባው።» ይህን በተለይ አዳማ ላይ በብዛት እሰማዋለሁ። ቤት አማርኛ፣ ሰፈር አፋን ኦሮሞ፣ ኬጂ እንግሊዝኛ። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም አያመጣም፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጅም ንግግር እንደሚጎዳ ጥናቶች አላሳዩም። የሚጎዳው ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩት» ሲል እናትና አያት የማይመቻቸውን ቋንቋ ሊያወሩ ሲሞክሩ ጭራሽ ዝም ይላሉ። ልጁን በምታቆላምጡበት፣ ተረት በምትነግሩበት ቋንቋ አውሩት። አያቱም በአፋን ኦሮሞ ያጫውቱት።

«ስልክ ነው ያበላሸው።» ስልክ ኦቲዝም አያመጣም። ግን ከሰው ጋር የሚያወራበትን ሰዓት ይበላል፣ እንቅልፉንም ይረብሻል። በተለይ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስልክ ሞግዚት አይሁን።

«ክትባት ነው።» አይደለም። የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያገናኘው የ1998ቱ ጽሑፍ ስህተት ሆኖ ተገኝቶ መጽሔቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሰርዞታል። ኩፍኝ ግን ልጅ ይገድላል።

«ውሃችን ነው።» የስምጥ ሸለቆ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ወንጂን ጨምሮ በብዙ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ጥርሳችን ይመሰክራል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ በላይ ሲሆን ጥርስና አጥንት ይጎዳል፣ በልጆች የማሰብ ችሎታ ምዘና ላይም ዝቅ ያለ ውጤት ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ስለዚህ ለመጠጥና ለማብሰያ የተሻለ ውሃ ማግኘት ለሁሉም ልጅ ይጠቅማል። የኦቲዝም ምክንያት ውሃ ነው የሚያሰኝ ማስረጃ ግን የለም።

«እርግማን ነው፣ ቡዳ ነው፣ የእናትየው ኃጢአት ነው።» እናንት እናቶች፣ ስሙኝ። በአሳዳጊ ጥፋት የሚመጣ ነገር አይደለም፣ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የዘር ውርስ ነው። ጸሎቱም፣ ጸበሉም፣ ዱዓውም የእምነታችሁ ነው፣ ልጁንም እናንተንም ያጽናና። ግን ልጁ አይታሰር፣ አይመታ፣ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒትም አያቁም፣ ትምህርቱም አይቋረጥ።

እና አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኦቲዝምን «እናድናለን» ብሎ በብዙ ሺህ ብር ቅመም፣ መርፌ ወይም ልዩ ምግብ የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

🔹 ፊደልና ቁቤ

በአዳማና በዙሪያዋ ያለ ልጅ ገና በትንሽነቱ ሁለት ሦስት ዓይነት ጽሑፍ ይጋፈጣል። አማርኛ ፊደል 33 ሆሄ በ7 ዓይነት ይዞ 231 ቅርጽ አለው። አንዲት ትንሽ ቅጥያ ወይም ቀለበት ድምፁን ትቀይራለች። በዚያ ላይ አማርኛ ሲጠብቅና ሲላላ በጽሑፍ አይለይም። «ገና» የሚለው በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የሚለው? አንባቢው ከሐሳቡ ነው የሚለየው። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ አንዱን ፊደል ሲታገል ሐሳቡ ያመልጠዋል።

ቁቤ ደግሞ ፊደሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ግን ድምፅ ሲረዝምና ሲጠብቅ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። እነዚህን ቆጥሮ ማንበብ ለዚህ ልጅ ሌላ ፈተና ነው። ቢ እና ዲ የሚባሉት ፊደሎች አንዱ የሌላው ግልባጭ ስለሚመስሉም ይምታቱበታል። በሁለቱም ጽሑፍ የሚታገል ልጅ ካለ ችግሩ የአንዱ ቋንቋ ጥላቻ አይደለም ማለት ነው። በአንዱ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቋንቋውን በደንብ ስላልለመደው ሊሆን ይችላል። ይህን ለመምህሩ ንገሩት፣ ትልቅ መረጃ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገ የንባብ ምዘና በ2ኛ ክፍል ብዙ ልጆች አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። እነዚያ ሁሉ ዲስሌክሲያ የለባቸውም፣ በደንብ ማንበብ አልተማሩም። እንዴት እንለይ? ቢያንስ ለሁለት ሦስት ወር፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ ፊደሉን ከድምፁ ጋር ቀስ አድርጋችሁ አስተምሩት። ብዙ ልጅ በዚህ ይነሣል። በዚህም የማይነሣው ተጨማሪ ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ ነው። 15 ደቂቃው ለሁለቱም አይጎዳም።

🔹 ዘሚ የኑስ የከፈተችው በር

በአገራችን ስለ ኦቲዝም ሲወራ የዘሚ የኑስ ስም ሳይነሣ አይቀርም። ዘሚ ውጭ አገር ኖራ ተመልሳ አዲስ አበባ ላይ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈተች ሴት ነበረች። ልጇ ኦቲዝም ነበረው። ትምህርት ቤቶች አልያዙትም። እሷም እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረተች፣ በኒያ ፋውንዴሽን ሥር። ያኔ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር።

ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ አደባባይ ወጥታ «ይህ ልጄ ነው» አለች። በቴሌቪዥንም በሬዲዮም ሳታፍር ተናገረች። ቤታቸው ልጅ ደብቀው የነበሩ ወላጆች የልጃቸውን ሁኔታ ስም ከእሷ ሰሙ። ሁለተኛ፣ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የሚባል ዘዴ ይዛ መጣች። የራሳችንን ፊደል ድምፅ በድምፅ እየተጠቀሙ መናገር ያልጀመሩ ልጆችን አፍ ማስፈታት ነው ሐሳቡ። ከውጭ የመጣ ዘዴ እስኪተረጎም አልጠበቀችም፣ እጇ ላይ ባለው ጀመረች። ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2021 አርፋለች። ማዕከሉ ግን አለ። ከዚያም ወላጆች የመሠረቱት ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ተከትሏል።

ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው። የባቱ እናት ልጇን በየቀኑ እዚያ አታደርሰውም። ደግሞ ማዕከል የሚይዘው የተወሰነ ልጅ ነው። ስለዚህ ለእኛ ከተሞች መፍትሔው ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት ነው። ዘሚ አንድ በር ከፈተች፣ የቀሩት በሮች ደግሞ በየሰፈራችን ነው ያሉት።

🔹 ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው

ብዙ ወላጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው እንደ ለማኝ ተሸማቆ ነው። አያስፈልግም።

👉 የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እርዳታ እንዲመድብ ያዛል።

👉 አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አይቀመጥም ብሎ መግረፍ ክልክል ነው።

👉 ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች። አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው። ልጆች ጉዳት ስላለባቸው ከመደበኛው ትምህርት መገለል እንደሌለባቸው ይናገራል።

👉 ትምህርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አለው፣ በ2012 አሻሽሎታል። በዚህ መሠረት በአንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልዩ ክፍልና የድጋፍ ማዕከል ተከፍቷል። ኦሮሚያ ውስጥ ሰበታ ላይ የልዩ ፍላጎት መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ አለ።

በወረቀት ያለው ሁሉ ክፍል ውስጥ የለም፣ እውነቱን እንነጋገር። ግን ወረቀቱን የሚያውቅ ወላጅ ሲጠይቅና ሳያውቅ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ይለያያል።

🔹 ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?

«ልጄን እርዱልኝ» ብቻ ካላችሁ መምህሩ ምን ያድርግ? 60 ልጅ ይዞ ቆሟል። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ትንሽና ግልጽ ነገር ጠይቁ።

ኦቲዝም ላለበት ልጅ፦
• መቀመጫው አይቀያየር።
• የቀኑ ውሎ በሥዕል ይዘጋጅለት፦ ሰልፍ፣ ክፍል፣ እረፍት፣ ምሳ፣ ቤት።
• የሚቀየር ነገር ካለ አስቀድሞ ይነገረው።
• የጠዋት ሰልፍ ላይ የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ካስጮኸው ከድምፅ ማጉያው ርቆ ይቁም።
• ሲረበሽ የሚረጋጋበት ጸጥ ያለ ጥግ ይኑረው።

ኤዲኤችዲ ላለበት ልጅ፦
• ከፊት፣ ከበርና ከመስኮት ራቅ ብሎ ይቀመጥ።
• ትእዛዝ አንድ በአንድ ይሰጠው።
• የሚያንቀሳቅስ ሥራ ይኑረው፦ ሰሌዳ ማጥፋት፣ ደብተር ማደል፣ ቾክ ማምጣት።
• ጥሩ ሲሠራ ወዲያው ይነገረው። እረፍት መከልከል ቅጣት አይሁን፣ ከሁሉ በላይ መሮጥ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ዲስሌክሲያ ላለበት ልጅ፦
• ክፍል ፊት ቆሞ እንዲያነብ አይገደድ።
• ፈተና በቃል ይጠየቅ ወይም ጥያቄው ይነበብለት፣ ተጨማሪ ደቂቃም ይሰጠው።
• ሰሌዳ ላይ ያለውን ሁሉ ካልገለበጥክ አይባል። እናንተ ከጓደኛው ደብተር በስልክ ፎቶ ማንሳት ትችላላችሁ።
• እንደ 8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላሉ ትልልቅ ፈተናዎች የድጋፍ ጥያቄ ዓመቱ ሲጀምር ይቅረብ። ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ማንም አይሰማም።

ጥያቄያችሁ በቃል ብቻ አይቅር፣ በጽሑፍ ይሁን። ይህን ቀድታችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፦

«ለ____ ትምህርት ቤት። ጉዳዩ፦ የልጄን የትምህርት ድጋፍ ስለመጠየቅ። ልጄ ____ በ____ ክፍል ተመዝጋቢ ነው። ጎበዝ የሆነባቸው ነገሮች ____ ናቸው። የሚቸገርባቸው ____ ናቸው። ቤት ውስጥ የሚረዳው ____ ነው። ስለዚህ ለሚቀጥሉት 6 ሳምንታት እነዚህ ሦስት ነገሮች እንዲሞከሩለት እጠይቃለሁ፦ ____። ከዚያ በኋላ ከመምህሩ ጋር ተገናኝተን ውጤቱን ብናይ ደስ ይለኛል። ልጄን መቀበል የማይቻል ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በትህትና እጠይቃለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዉ። በቃል «አይሆንም» ማለት ቀላል ነው፣ ማኅተም አድርጎ መጻፍ ግን ርዕሰ መምህሩን ሁለት ጊዜ ያሳስበዋል።

መልስ ካጣችሁ ቀጣዩ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ነው፣ ወተመህ። ከዚያ የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የልዩ ፍላጎት ባለሙያውን ጠይቁ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ደብዳቤውን በአፋን ኦሮሞ ብታስጽፉት ቢሮ ውስጥ ቶሎ ይሄዳል። ብቻችሁን አትሂዱ። ተመሳሳይ ልጅ ያላቸው ሦስት አራት ወላጆች አንድ ላይ ሲገቡ የአንድ ቤት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። የቴሌግራም ግሩፕ መክፈት ደግሞ ምንም አይከብድም።

ለመምህራንም አንድ ቃል፦ እናንተን ልንወቅስ አይደለም። ማንም ሳያሠለጥናችሁ ነው ይህ ሁሉ የተጫነባችሁ። ግን ከላይ የተዘረዘሩትን እዩአቸው፣ ሰሌዳ የሚያጠፋ ልጅ ማግኘት ለእናንተም እረፍት ነው።

🔹 ቤት ውስጥስ?

የዓለም ጤና ድርጅት ለእነዚህ ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፣ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ያለው። በኢትዮጵያም ተሞክሯል። በኢንተርኔትም በነፃ ይገኛል። ዋናው ትምህርቱ ቀላል ነው፦ ልጁ በሚወደው ነገር ውስጥ ግቡ። ጠርሙስ ክዳን መደርደር ከወደደ አብራችሁ ደርድሩ፣ እየደረደራችሁ አውሩት። እንጀራ ስትጋግሩ፣ ልብስ ስታጥቡ፣ የምታደርጉትን በአጭር ቃል ንገሩት። «ውሃ። ውሃ ቀዳን።» ቃል ባይወጣውም በጣቱ ሲያሳይ እንደ መልስ ቁጠሩለት። በቀን ጥቂት ደቂቃ በየቀኑ ይበልጣል፣ በሳምንት አንዴ ከሚደረግ ረጅም ሰዓት።

ለራሳችሁም እዘኑ። እናቲቱ ብቻዋን ሥራ ትታ፣ አባት ርቆ፣ ዘመድ እየወቀሰ የሚሆን ነገር አይደለም። እንቅልፍ ካጣችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ፣ እናንተም ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

🔹 «ዶክተር፣ ይሄማ እኔ ነኝ» ለምትሉ

ስለዚህ ጉዳይ በጻፍኩ ቁጥር የሚጽፉልኝ አዋቂዎች አሉ። በልጅነታቸው ሲቀጡ ያደጉ፣ ጽሑፍ ስለሚያሳፍራቸው በቃል ሸምድደው ያለፉ፣ «ጭንቅላት አለህ ግን አትጠቀምበትም» ሲባሉ የኖሩ። ዛሬ ነጋዴ ናችሁ፣ ሹፌር ናችሁ፣ መሐንዲስም ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ገና በ8ኛ ክፍል ትምህርት ትታችኋል።

አልሰነፋችሁም። ሌሎች በአንድ እጅ የሚያነሱትን እናንተ በሁለት እጅ ስታነሱ ኖራችኋል። አዋቂም መመርመር ይችላል፣ ኤዲኤችዲ በአዋቂነትም ይታከማል። ለልጆቻችሁ ደግሞ ከእናንተ የተሻለ ጠበቃ የለም። መምህሩ ፊት ተቀምጣችሁ «እኔም እንዲህ ነበርኩ፣ የረዳኝ ይህ ነው፣ የጎዳኝ ይህ ነው» ስትሉ እኔ ከምጽፈው የሕክምና ወረቀት ይበልጥ ይሰማል።

🔹 በዚህ ሳምንት

1. ልጁ ጎበዝ የሆነባቸውን 3 ነገሮችና የሚቸገርባቸውን 3 ነገሮች ጻፉ።
2. ጆሮውንና ዓይኑን አስመርምሩ።
3. ደብዳቤውን ሞልታችሁ ለትምህርት ቤቱ ስጡ፣ ቅጂው እጃችሁ ላይ ይቅር።
4. ተመሳሳይ ልጅ ያለው አንድ ወላጅ ፈልጋችሁ ደውሉ።

የትምህርት ዘመኑ ሲጀምር ቤት የቀረ ልጅ አንድ ዓመት ያጣል። የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ደግሞ «እድሜው አልፏል» ይባላል። ስለዚህ አሁኑኑ ጀምሩ።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ እውቀት ነው፣ የልጃችሁን ሁኔታ የሚያየው ሐኪም ምክር አይተካም። ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ የልጁን ስምና ፎቶ ግን አትለጥፉ። አንድ መምህር ካወቃችሁ ላኩለት።

መልካም የትምህርት ዘመን!